«ላክ» ከተጫነ በኋላ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ልጆቹን «ወላጆቻችሁ ምን ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። የአንዱ አባት ታክሲ ይነዳል፣ የአንዷ እናት ነርስ ናት፣ የሌላው አባት ኤርፖርት ይሠራል። የእኔዋ ተነስታ «እናቴ ስልክ ውስጥ ነው የምትሠራው» አለች። አስተማሪዋ የስልክ ካምፓኒ መስሏት ስትጠይቃት «አይደለም፤ ሰዎች ለአያታቸው ብር ሲልኩ ብሩ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ትጠብቃለች» ብላ መለሰችላት። ማታ ስትነግረኝ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም።

ከ2021 እስከ 2025 ከዚህ ወደ አገር ቤት ገንዘብ በሚያስተላልፍ አንድ ትንሽ የፊንቴክ ካምፓኒ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠቅስም። አብረውኝ የሠሩት ልጆች ይህን ሲያነቡ ያውቁታል፤ ለሌላው ሰው ምንም አይጠቅመውም። ፊንቴክ ማለት ድሮ ባንክ ቤት ተሰልፈን እንሠራው የነበረውን ነገር፣ መላኩን፣ መክፈሉን፣ መበደሩን፣ በስልክ የሚያስጨርስ ሥራ ነው። ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ልጇ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሶ ስምንት ሰው ብቻ ያለው ካምፓኒ ገባ። «ስምንት ሰው! ይሄ ምን ካምፓኒ ነው? ሱቅ ነው እንጂ» ብላ አዘነች። ቡና እየጠጣን የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከፓርኪንግ ወደ ኮምፒውተር

ከዚያ በፊት ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ማታ ማታ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ። አንድ ቅዳሜ 9ኛው መንገድ ላይ ቡና ስንጠጣ የማውቀው ልጅ «አማርኛ የሚችል፣ ቁጥር የማይፈራ ሰው እንፈልጋለን» አለኝ። ቃለ መጠይቁ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ቢሮው ከዩ ስትሪት ብዙም የማይርቅ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነበር። ሰባት ነበርን፤ ሁለቱ መሥራቾች፣ ሁለት ፕሮግራመሮች፣ የሕጉን ጉዳይ የምትከታተል አንዲት አሜሪካዊት፣ ከዚያ ስልክ የምናነሳው እኔና አንድ የጎንደር ልጅ። አዲስ አበባ ደግሞ ሁለት ሰዎች አሉን። ክፍፍሉ ግን በወረቀት ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቆሻሻ ያወጣል፣ ፕሮግራመሩ ስልክ ያነሳል፣ እኔ ለበዓል የሚወጣውን ማስታወቂያ እጽፋለሁ። አፑ ላይ ያለውን አማርኛም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ ለማጣራት ሲቆም እንግሊዝኛው «ፔንዲንግ» ይላል። በአማርኛ ምን እንበለው ብለን አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከርን። «በመጠባበቅ ላይ» ብንለው ደንበኛው «ማን ነው የሚጠብቀው?» ይላል። በመጨረሻ «ገንዘብዎ አልጠፋም፤ እያጣራን ነው» ብለን ጻፍነው። ትልቅ ካምፓኒ ቢሆን ይህን ቃል ለመለወጥ አምስት ስብሰባ ያስፈልግ ነበር። እኛ ጋ ፕሮግራመሩ ወንበሩን አዙሮ «በቃ፣ ላስገባው?» አለ፤ አስገባው።

ለምሳ ስወጣ ዩ ስትሪትና 11ኛው መንገድ ጥግ ላይ ባለው ባንክ በኩል አልፋለሁ። ዱከም በልታችሁ ወደ ሜትሮው ስትወርዱ አይታችሁት ይሆናል፤ ኢንደስትሪያል ባንክ ይባላል። በ1913 የተመሠረተው ጆን ዊትሎ ልዊስ በሚባል ሰው ነው። ልዊስ ባለ ገንዘብ ቤተሰብ የወለደው አይደለም፤ የግንባታ ቀን ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው የነጭ ባንክ ገብቶ ብድር መጠየቅ የማይታሰብ ስለነበር ሠራተኞቹ ገንዘባቸውን አዋጥተው የራሳቸውን አቋቋሙ። በ1919 እዚያው አጠገብ፣ 13ኛውና ቲ ስትሪት ላይ፣ ጥቁሮች በክብር የሚያድሩበትን ዊትሎ ሆቴልንም ሠራ። ባንኩ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ተዘጋ፤ በ1934 ጄሲ ሚቸል የሚባል ሰው እንደገና ከፈተው። ዛሬም ይሠራል። ሐበሻው ዩ ስትሪት ከመድረሱ ከስልሳ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እቁብ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የእኛ ቢሮ ልጆች አዲስ ነገር የፈጠርን እየመሰለን ሲኮሩ ወደዚያ ጥግ እወስዳቸው ነበር።

ሦስት ፈቃድ፣ አንድ ሰፈር

አሁን «ላክ» የሚለውን ስትጫኑ ምን ይሆናል? ስልኩ አንዴ ይርገበገብና «ተልኳል» ይላል። ከጀርባው ያለው ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ነገር ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለእኛ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አድረን፣ ዲሲ ሠርተን፣ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ እንደርሳለን። ለገንዘብ አስተላላፊ ግን ሦስት አገር ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ፈቃድ፣ የራሱን መያዣ፣ የራሱን ተቆጣጣሪ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ፊንሰን የሚባለው የፌዴራል ግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት ዘንድ መመዝገብና በየሁለት ዓመቱ ማደስ አለ። የሥራ አስኪያጃችን ፀጉር የሸበተው ከፕሮግራሙ ይልቅ በፈቃድ ነው። ቨርጂኒያ ፈቃድ ሳናገኝ በፊት አንድ ደንበኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ቤት ቀየረ። አድራሻውን አፑ ላይ እንዳስተካከለ ዘጋበት። «ድልድይ ነው እኮ የተሻገርኩት!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በእናንተ ፍጥነት አይጓዝም። ከባንክ ሒሳባችሁ ወደ እኛ ለመድረስ አንድ ሁለት የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም። አክስታችሁ ግን በደቂቃ ትቀበላለች። እንዴት? ካምፓኒው አስቀድሞ አገር ቤት ገንዘብ አስቀምጧል፤ ከዚያ ይከፍላል፤ የእናንተን በኋላ ይሰበስባል። በሌላ አነጋገር ሰባት ሰው ያለበት ቢሮ በየቀኑ ለማያውቀው ሰው ዱቤ ይሰጣል። ለዚህ ነው የፋሲካ ዋዜማ ቢሮው የሚያተኩሰው። አርብ ባንክ ይዘጋል፣ ሰው ደግሞ በግ መግዣ የሚልከው ቅዳሜ ነው። አንድ ዓመት አገር ቤት ያስቀመጥነው ገንዘብ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንደኛው መሥራች እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያን ቀን ከዚያ የዘለለ ጉዳት አልደረሰም። እኔ ግን እስከዛሬ የፋሲካ ዋዜማ ሲመጣ ሆዴ ይገለባበጣል።

ስማችን አሜሪካ ሲደርስ

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ስም ነበር። ይህን ሰው ስነግረው አያምነኝም።

እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም አለን። የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። አሜሪካ ግን «ላስት ኔም» ሳትይዝ አያስገባህም። ስለዚህ አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ላስት ኔም አድርጎ ይመጣና የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ላይ ባዳ ይሆናሉ። ጸሐይ የሚለውን አንዷ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ትጽፈዋለች፣ ሌላዋ በ«ኤስ» ብቻ። ወልደ ማርያም አገር ቤት የባንክ ደብተር ላይ «ወ/ማርያም» ነው፤ የእኛ ፕሮግራም ደግሞ መጀመሪያ ላይ እዝባር የሚባል ነገር አይቀበልም ነበር። ኃይለ ሚካኤሎችና ገብረ እግዚአብሔሮች ሁሉ አልፎ መሄድ አቃታቸው። ፕሮግራመራችን የተወለደው እዚሁ ነው፤ «ስም ውስጥ እዝባር ምን ይሠራል?» አለኝ። የጥምቀት ደብተሬን ፎቶ አሳየሁት።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ሕግ የምትከታተለዋ ባልደረባችን አንድ ቀን ደንግጣ መጣች። ከደንበኞቻችን መካከል ጃንዋሪ 1 የተወለደው ሰው ብዛት አስፈርቷታል፤ አንድ አጭበርባሪ ብዙ ሒሳብ የከፈተ መስሏታል። በስደት ወረቀት ላይ ቀኑ ያልታወቀ ሰው ጃንዋሪ 1 ተብሎ እንደሚሞላለት፣ ደግሞም አሥራ ሦስት ወር ካለው አገር እንደመጣን፣ ጳጉሜ የተወለደ ሰው ቀኑን ሲያዛውር እንደሚሳሳት ነገርኳት። ከመሣቢያዋ ማስታወሻ ደብተር አወጣችና «እንደገና ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አለች። ይህን ዕውቀት ከየትኛውም ኮሌጅ አላገኘሁትም፤ ደመወዝ ያገኘሁበት ግን በእሱ ነው።

የሚያሳዝነውም አለ። እያንዳንዱ ላኪና ተቀባይ መንግሥት ማዕቀብ ከጣለባቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል። ሙሐመድ፣ አሕመድ፣ አብዲ የሚሉ ስሞች በየቀኑ ይያዛሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ስላለ ብቻ። ሰውየው ስልክ ያነሳና «ዛሬም እኔ ነኝ?» ይላል። እኛ የልደት ቀኑን፣ የአባቱን ስም አጣርተን እንለቅለታለን። በማግሥቱ ተቀባዩን ሲቀይር እንደገና ይይዘዋል። ማጣራቱ ግዴታ ነው። ሸክሙ ግን በአንድ ወገን ትከሻ ላይ መውደቁን አራት ዓመት ሙሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

«እማማ ናት የላከችኝ»

ልጆች፣ ይህቺ ክፍል ለእናንተ ናት። ብዙ ጊዜ ስልክ የሚደውሉልን እናንተ ነበራችሁ። ወፍራም አስመስላችሁ «ሄሎ፣ አይ አም ኮሊንግ ፎር ማይ መዘር» ትላላችሁ። እኔ በአማርኛ «ማን ልበል?» ስል ትደነግጡና ስልኩን ለእናታችሁ ትሰጣላችሁ።

አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አልረሳውም። ወራቱ ብርድ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ከአሌክሳንድሪያ ደወለ። ደሴ ላለች የእናቱ አክስት ለዓይን ኦፕሬሽን ገንዘብ ተልኳል፤ አፑን የነካካው እሱ ነው። ባንኩ ግን አልከፍልም ብሏል፤ የተላከው ስምና መታወቂያዋ አይገናኝም። ልጁ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ምን ብለህ ጻፍክ አልኩት። ቤት ውስጥ የምትጠራበትን ስም ነበር የጻፈው። እናትየዋን «የመታወቂያ ስሟ ማን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «የኔ እመቤት፣ ምን ልበልሽ፣ ዕድሜ ልኬን እትዬ ነው የምላት» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች፤ ልጁ ብቻ አልሳቀም።

ደሴ ያን ጊዜ እኩለ ሌሊት ነው፤ በብርዱ ወራት ስምንት ሰዓት ይቀድሙናል፣ በበጋው ሰባት። አክስትየዋን ከእንቅልፍ ላለማስነሳት ጠበቁ። ማታ እቤቴ እንዳለሁ እናትየዋ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ፊደል በፊደል ልካ አደረች። የተቀባይ ስም ሲቀየር እንደ አዲስ ይጣራል፤ አጣርተን አስተካከልን። ቀኑ ደሴ ላይ ሲነጋ ተከፈላት። በማግሥቱ ልጁ ራሱ ደወለ። ማመስገን ፈልጎ ነው፤ ግን አንድ ነገር ማለት ብቻ ነበር የሚፈልገው፦ የአክስትየዋን ሙሉ ስም ጠርቶ «ስሟ ቆንጆ ነው አይደል?» አለኝ። ቆንጆ ነው። እዚህ አልጽፈውም።

ስም ይስተካከላል። የሒሳብ ቁጥር ግን ሌላ ነው። የንግድ ባንክ ሒሳብ 1000 ብሎ የሚጀምር 13 አኃዝ ነው፤ ከመካከሉ ሁለቱ ቦታ ቢቀያየሩና ያ ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ እዚያ ይገባል። በአሜሪካ ሕግ ከከፈላችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ተቀባዩ ካልወሰደው ወይም ሒሳብ ውስጥ ካልገባ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ በሁለት ደቂቃ ይገባል። ከገባ በኋላ የማይታወቅ ሰው በበጎ ፈቃዱ እንዲመልስ በባንኩ በኩል መለመን ነው የሚቀረው። የመለሱ ሰዎች አሉ። ሁሉም አልመለሱም። በእንግሊዝኛ የተወለደ ልጅ ለወላጁ ቁጥር ሲያስገባ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ወላጅም ከወረቀቱ ላይ ይከተል። ልጁን ብቻውን አትተዉት፤ ሲበላሽ የሚያለቅሰው እሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ ሰዓት። «ነገ ሁለት ሰዓት ይደርሳል» ብዬ አንዲት እናትን አሳስቻለሁ። እኔ ጠዋት ማለቴ ነው፤ እሷ በፈረንጅ ሰምታ ከሰዓት ነው ብላ እህቷን አቆይታታለች። ከዚያ በኋላ ቢሮው ግድግዳ ላይ «በሐበሻ ወይስ በፈረንጅ?» የሚል ወረቀት ለጠፍን።

ያቺ ሰኞ

ጁላይ 29 ቀን 2024፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ በፈረንጅ አንድ ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባችን ነው። «ተነሺ፤ ብሩን ለቀቁት» አለኝ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ክፍት ማድረጉን አስታውቋል። እሑድ ማታ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ያን ቀን ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ አወጣ። ነሐሴ ሳያልቅ ከ100 አለፈ።

ሰባታችንም ቢሮ ስንገባ ገና ጎህ አልቀደደም። ሁለቱ ፕሮግራመሮች ተመኑን በየሰዓቱ የሚያድስ ነገር ሲጽፉ እኛ ስልክ ያዝን። እሑድ ማታ የላከው ሰው ሁሉ ነው የሚደውለው። አንድ የታክሲ ሾፌር 500 ዶላር ልኳል። አሥር ሰዓት ቢታገስ ኖሮ ከ8 ሺህ ብር በላይ ልዩነት ነበረው። «እናንተ ታውቁ ነበር» አለኝ። አናውቅም ነበር። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ተመን ሁለታችንንም ያስራል፤ ዝቅ ቢልም ልንቀንስበት አንችልም ነበር፣ ከፍ ሲልም እንዲሁ። ይህን ሳስረዳው በዝምታ ሰማኝና «ለእናቴ መድኃኒት ነበር» ብሎ ዘጋው። ከሱ በኋላ የያዝኳቸው ስልኮች ብዛታቸው አይታወሰኝም፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልረሳኋትም።

ኢንጀራው ሲዞር

ትንሽ ካምፓኒ ውስጥ ለራስህ ሰው መሥራት ደስ ይላል ይባላል። ደስ ይላል፤ ግን የሚጎዳውም እሱ ነው።

በዕድራችን ያሉ አንዲት እናት አሉ፤ እኔም እትዬ ነው የምላቸው። የላኩት ገንዘብ ለማጣራት ቆመ። ማታ በግል ስልኬ ደወሉ። «ልጄ፣ አንቺ እያለሽ?» አሉኝ። የቢሮው ደንብ የዘመድና የቅርብ ሰው ፋይል መክፈት ይከለክላል፤ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ብቻ ነው የምችለው። ለምን ቆመ ለሚለውም መልስ መስጠት አልችልም። ገንዘብ አስተላላፊ የሆነ ሰው ጥርጣሬ ሲያድርበት ለመንግሥት ሪፖርት የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ስለ ማን ተጻፈ፣ ስለ ማን አልተጻፈም የሚለውን ለማንም መናገር ደግሞ ወንጀል ነው። ስለዚህ ምንም ሪፖርት በሌለበት፣ የስም ፊደል ብቻ የያዘውን ጉዳይ እንኳ፣ አፌን ዘግቼ «ነገ ቢሮ ይደውሉ» ማለት ነበረብኝ። በሁለተኛው ቀን ገንዘቡ ተለቀቀ። በሚቀጥለው ወር ለቅሶ ቤት ተገናኘን። እትዬ እንጀራ እያዞሩ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ ዘለሉኝ። እስከ ዛሬ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

ብዙ ሰው መታወቂያ ሲጠየቅ «ኢሚግሬሽን ነሽ እንዴ?» ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ከ3 ሺህ ዶላር ጀምሮ የላኪውን ማንነት መዝግቦ ማስቀመጥ ሕጉ ያስገድዳል፤ በጥሬ ገንዘብ ከ10 ሺህ ዶላር ሲያልፍ ደግሞ ሪፖርት ይደረጋል። አንዳንዱ ብልጥ መስሎት 9 ሺህ፣ 9 ሺህ እያደረገ ይቆራርጣል። ከሪፖርት ለማምለጥ ብሎ መቆራረጥ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ላብ ቢሆን እንኳ። ሱቅ ቤት የሚሰጠውን ምክር ሁሉ አትስሙ።

ጎረቤቴ የጠየቀችኝ

«ታዲያ ልጄ ይቅር ወይስ ይሥራ?» አለችኝ። ሁለት ነገር አጣሪ አልኳት።

አንደኛው ኢንሹራንስ ነው። ከ50 በታች የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለውን ካምፓኒ የጤና ኢንሹራንስ ስጥ ብሎ የፌዴራል ሕግ አያስገድደውም። እኛ ጋ ያገኘነው በሁለተኛው ዓመት ነው። ወጣት ልጅ ግድ የለውም፤ እስከ 26 ዓመቱ በወላጅ ኢንሹራንስ ስር መቆየት ይችላል። እኔ ግን ልጅ ነበረኝ።

ሁለተኛው «አክሲዮን» የሚሉት ነው። ደመወዙ ከትልቅ ባንክ ያንሳል፣ ልዩነቱን በአክሲዮን እንሞላለን ይላሉ። የሚሰጡት አክሲዮኑን ሳይሆን ወደፊት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብትን ነው። ብዙውን ጊዜ በአራት ዓመት ቀስ በቀስ ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ከወጣህ ምንም የለህም። ከወጣህ በኋላ ደግሞ ለመግዛት ያለህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 90 ቀን ነው። ይህን ሦስተኛውን ነገር ያወቅሁት ስወጣ ነው። ካምፓኒው ትልልቆቹን መቋቋም አቅቶት ከሰባታችን ሦስታችንን አሰናበተ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ገንዘብ አለቀባቸው። በ90 ቀን ውስጥ አክሲዮኑን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር። በዚያው ወር እቁቤ ወጣልኝ። አንድ ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም። በመጨረሻ ለልጄ የጥርስ ብረት አደረግሁት። ጥርሷ አሁን ቀጥ ብሏል። ካምፓኒው የት እንደሚደርስ አላውቅም።

ታዲያ ይሥራ አልኳት። ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቶ በአምስት ዓመት የማያየውን እዚያ በአንድ ዓመት ያያል። አብሮኝ ስልክ ያነሳ የነበረው የጎንደር ልጅ በጎን ኮድ መጻፍ ተምሮ ዛሬ ፕሮግራመር ነው። አዲስ አበባ የነበሩት ሁለቱም እዚያው ሥራ አላጡም። ብሔራዊ ባንክ በ2020 ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች በሩን ከከፈተ፣ በ2021 ቴሌብር፣ በ2023 ኤምፔሳ ከገቡ ወዲህ የዚህ ሙያ ሰው እየተፈለገ ነው።

ከመነሳቷ በፊት ጎረቤቴ ስለ አዲሱ ቀረጥ ጠየቀችኝ፤ እናንተም ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሸር ቼክ የሚከፍል ላኪ መቶኛ አንድ ቀረጥ አለበት፤ 300 ዶላር ላይ 3 ዶላር ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ በወጣ ካርድ የሚከፍል አይነካውም። ስለዚህ የሚከፍሉት በአብዛኛው ካሽ ይዘው ሱቅ የሚሄዱት፣ አፕ የማይወዱት ትልልቆቹ ናቸው።

እናቴም ከነሱ አንዷ ነበረች። አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ እናቴ ከድሮ ኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ ቁጥር ታነባለች፣ ልጄ ስልኩ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ልጄ መልሳ ታነብላታለች፣ አንድ በአንድ፣ በአማርኛ። «ሰባት» ላይ ሲደርሱ እናቴ ሁልጊዜ መነጽሯን ታወልቅና «ሰባት ነው አንድ?» ትላለች። ልጄም ስልኩን አስቀምጣ ኤንቨሎፑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ትሄዳለች።